ግራ እጅን ያመነ አንገት

በዚያ ሰፈር ሰው ሲከፋው የሚሄድበት ሁለት ቦታ ነበረው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው የጋሽ ለበጎ ፀጉር ቤት። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ቢያንስ ጥግ ይዞ የማልቀስ መብት አለው። ጋሽ ለበጎ እጅ የወደቀ ግን አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮበት፣ ጭንቅላቱ በሁለት ጣት ተይዞ፣ ጆሮው ሥር መቀስ እየተንጫጫ መጽናናት ግዴታው ነው። ወዴት ይሄዳል? ግማሽ ጎኑ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል።

ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ለበጎ ያለው የጎን ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ፣ «ለበጎ ነው» ይላል ጋሽ ለበጎ። እጮኛው ጥላው የሄደች ጎረምሳ ሲመጣ፣ «ለበጎ ነው፤ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» ይላል። የቤቱን ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎ የወሰደበት አንድ ሹፌር መጥቶ ቢያለቅስለት፣ «ለበጎ ነው፤ ሰማዩን ካየኸው ስንት ጊዜህ ነው?» አለው። ጫማ ሰፊው እንደሚያወራው ከሆነ፣ አንድ ቀን የደንበኛውን ጆሮ ጫር አድርጎት ሰውየው ገና «ውይ» ሳይል «ለበጎ ነው» ብሎ ቀድሞታል። ጫማ ሰፊው የሚያወራው ሁሉ እውነት ነው ባንልም፣ ይህን ግን ሰፈሩ አምኖታል።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ይታወቅ። ቃሉን የሚናገረው ለወሬ ማሟያ አልነበረም፤ ከልቡ ያምንበታል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ያማትባል፣ ማታ ሲዘጋ ያመሰግናል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል። ጥፋቱ አንድ ነው። እግዚአብሔር ቃል አቀባይ የሚያስፈልገው ይመስለዋል፤ ቦታውንም ማንም ሳይሾመው ይዞታል። በሰው ላይ መከራ በደረሰ ቁጥር መግለጫውን የሚሰጠው እሱ ነው።

ፀጉር ቤቱ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ረጅም መስታወት፣ የአረፋ ብሩሽ የቆመበት ብርጭቆ፣ ምላጭ የሚሳልበት የቆዳ ቀበቶ፣ ሁለት ወንበር። በአንዱ ወንበር የሥራ ባልደረባው ይሠራል። ይህ ሰው ከፀጉር መቁረጫ ማሽኑ፣ ከቶንዶስ፣ ሌላ መሣሪያ ስለማይነካ እሱንም ቶንዶስ ይሉታል፤ ሰውን አስቀምጦ ዝዝዝ አድርጎ የሚያስነሳ፣ ከ«ጨርሻለሁ» ሌላ ቃል የማያወጣ ነው። የሚቸኩል ወደ ቶንዶስ ይሄዳል፤ ወግና መቀስ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ጋሽ ለበጎ።

የጋሽ ለበጎ ወንበር ግን ወንበር ብቻ አልነበረም። ከሥሩ ብረት፣ ከላዩ ቆዳ የሆነ፣ እንደ በሬ የከበደ ተሽከርካሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ዘይት ከማጠጣቱ የተነሳ ሰው ቢያስነጥስ እንኳን ግማሽ ዙር ይዞር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከመስታወቱ በላይ ያለው አምፖል ተቃጠለ።

«ጋሼ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት መሰላል ላምጣልዎት?» አለ ቶንዶስ።

«መሰላል ለምኔ? ወንበር እያለ።»

የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያ ወንበር እንደሚዞር ያውቃል። የማያውቀው አንድ ሰው ቢኖር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያዞር ኖሮ አንድም ቀን ራሱ ዞሮ የማያውቀው ባለቤቱ ነው። ጫማውን አወለቀ፤ ቆዳው እንዳይቆሽሽ መሆኑ ነው። ወጣ። ተንጠራራ። አዲሱን አምፖል ወደ ቀኝ ሲያጠብቀው ወንበሩ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች በኋላ ሲያወሩት፣ «እየዞረ ሁላችንንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰላም ብሎናል» ነው የሚሉት። አምፖሉ ቦታውን ይዞ ቀረ። ጋሽ ለበጎ በቀኝ ክንዱ ላይ ወደቀ።

ከመሬቱ ላይ ሆኖ «ለበ…» አለና ሕመሙ አፉን ዘጋው።

አጥንቱ ተጠግኖ ጀሶው ሲነሳለት እጁ ከሰው የተዋሰው ይመስል ነበር። ክንዱ ይታጠፋል፣ ትከሻው ይነሳል፤ ጣቶቹ ግን አውራ ጣትን ይዘው አድማ መትተዋል። ማንኪያ ሲይዝ ማንኪያው ይወድቃል፤ ቁልፍ ሲይዝ ቁልፉ ይወድቃል። ሐኪሟ የልጁ እኩያ የሆነች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች።

«አባቴ፣ ነርቩ ክፉኛ ተጎድቷል። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። እየጠበቅን እናያለን።»

«መቀስስ?»

«መቀሱን ለጊዜው ይርሱት።»

«ለጊዜው ማለት፣ ልጄ?»

ሐኪሟ ወደ መስኮቱ አየች። ሐኪም ወደ መስኮት ሲያይ መልሱ መስኮቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ሰፈሩ ያለበትን ውለታ ሊከፍል የተነሳው። ጋሽ ለበጎ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ እጁን ትራስ ላይ አስተኝቶ ሳለ፣ በር ይንኳኳል፤ አንድ ሰው ብርቱካን ይዞ ይገባል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል፤ ከዚያ ቃሏን ይወረውራታል። «አይዞህ ጋሼ፣ ለበጎ ነው።» ከሥራ የተባረረው መጣ፤ ለበጎ ነው አለ። ያ እጮኛው የሄደችበት ጎረምሳ አሁን ሌላ አግብቶ ከነሚስቱ መጣ፤ ሁለቱም በአንድ ድምፅ አሉ። ጣሪያው የሄደበት ሹፌር ደግሞ ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ወደ ኮርኒሱ አየና፣ «ለበጎ ነው ጋሽ ለበጎ። የገዛ ጣሪያህን በደንብ ካየኸው ስንት ጊዜህ ነው?» አለው። ተንኮል አልነበረበትም። በዚያን ቀን አጽናንቶኛል ብሎ ያመነበትን ቃል ነው የመለሰው።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለውን ተረት ጋሽ ለበጎ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። እንጨቱን ይዞ የሚዞረው እሱ ሊሆን እንደሚችል ግን ጠርጥሮ አያውቅም። አሁን ቃሉ ሲመጣበት ይጎረብጠዋል። ሐሰት ሆኖበት አይደለም። እሱን የጨነቀው ቃሉ እውነትም ሆኖ መጎርበጡ ነው። እንደ አዲስ ጫማ።

«እኔም ስናገረው እንዲህ ነበር የሚያመው?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት።

ሚስቱ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ናት። ቀኑን ሙሉ ሃያ ልቅሶ በአንዴ ስታባብል የምትውል ሴት ስለሆነች፣ ቤት ስትገባ ለሃያ አንደኛው ብዙ ቃል አይተርፋትም።

«ሰዉ ዝም ይልህ የነበረው ምላጭ ስለያዝክ ነው» አለችው። «አሁን ሾርባህን ጨርስ።»

ብርቱካኑ ቅርጫት ሞልቶ መሬት ላይ ሲፈስ፣ አንድ ሰው ባዶ እጁን መጣ። የሰፈሩ አናጺ ነው። ይህ ሰው ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ ጢሙን ሊላጭ ሄዶ ነበር። ጋሽ ለበጎ አረፋውን ቀብቶ ግማሹን ላጭቶ ሳለ፣ እንደ ልማዱ ያችን ቃል አወጣት። አናጺው ምንም አላለም። ጨርቁን ከአንገቱ ፈታ፣ የተላጨውን ጉንጩንና አረፋ የለበሰውን ጉንጩን እንደያዘ ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ በር አልደረሰም። ጢሙንም ማንም ምላጭ ነክቶት አያውቅም። ጢሙ አድጎ አድጎ ደረቱን አልፎ፣ ጫማ ሰፊው እንደሚለው፣ እንጨት ሲጠርብ መላጊያው ጢሙን ይዞ እንዳይሄድ ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ነው የሚሠራው።

ገባ። በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የተኛውን እጅ ለረጅም ጊዜ አየው። ጋሽ ለበጎ ቃሏን እየጠበቀ ጥርሱን ነከሰ። ቃሏ አልመጣችም። ይልቁንም በሩ በነፋስ ተገፍቶ መሬቱን እየፋቀ ሲጮህ አናጺው ጆሮውን ቀሰረ፤ ተነሳ፤ ከኪሱ ካቻቪቴ አወጣና ማጠፊያውን ፈታ አድርጎ አነሳው፣ አጠበቀው፣ ከፈተው፣ ዘጋው። በሩ አልጮኸም።

«አሁን ይዘጋል» ብሎ ሄደ።

«ምን ሊል ነው የመጣው?» አለ ጋሽ ለበጎ።

«በሩን ሊሠራ» አለች ሚስቱ።

«ተቀይሞኛል እኮ።»

«ተቀይሞም በር ይሠራል፣ የሰው ልጅ።»

በማግሥቱ ቶንዶስ መጣ። ቁጭ ብድግ አለ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። በሕይወቱ ረጅም የተባለውን ንግግር ሊያደርግ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ወንበርዎን የሚፈልግ ሰው መጥቷል። ጎበዝ ነው አሉ። የቤቱን ኪራይ ለብቻዬ ከፍዬ መዝለቅ አልቻልኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ምላጭም ቢሆን መያዝ ከቻሉ፣ ቦታ የለም ብዬ እመልሰዋለሁ። ካልቻሉ…» እዚህ ላይ ያጠራቀመው ቃል አለቀበት። ብርቱካን አንስቶ መላጥ ጀመረ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ወሩ ሳያልቅ እጁ ሥራ ካልያዘ ወንበሩ የሌላ ሰው ነው። ጋሽ ለበጎ ደግሞ ፀጉር ከማስተካከል ሌላ የሚያውቀው ሙያ ማውራት ብቻ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ደሞዝ የሚከፍል ገና አልተወለደም።

ቶንዶስ ከወጣ በኋላ ጋሽ ለበጎ ግድግዳው ላይ ወዳለው መስቀል ዞሮ ሊጸልይ አሰበ። አፉን ከፈተ። እንደ ወትሮው ቃሉ እየተንፎለፎለ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ አንድም አልመጣ። ለሰው ሲናገርለት የኖረውን ጌታ ለራሱ የሚያነጋግርበት ቋንቋ ጠፋበት። በመጨረሻ ያገኘው ስሞታ ሆነ።

«ጌታ ሆይ፣ ምን አደረግሁህ? ስንት ዓመት ስምህን ሳስጠብቅ! ሰው ሁሉ ባንተ ሲያዝን እኔ አልነበርኩም የምከራከርልህ? እጅ ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱንም…»

ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል ሳህን እያጠበች ነበር። ውኃውን ዘጋችው።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከእግዚአብሔር ጋር።»

«እሺ። ሳህን ስላለብኝ እየሰማሁ ላጥብ።»

እሱም በአፉ ሙሉ ስሞታውን ቀጠለ። ሲደክመው ዝም አለ። በዝምታው መሐል የሚስቱ ድምፅ ከሳህኑ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። አብረው ሲኖሩ ሁልጊዜ የምታንጎራጉረው ዘፈን ይመስለው ነበር፤ እሱ ሲያወራ ስለሚውል ቃሉን ሰምቶት አያውቅም።

«ጌታዬ፣ እዚህ ነን» ትላለች። ሳህን ታስቀምጣለች። «ጌታዬ፣ እዚህ ነን።» ሌላ ሳህን።

«ጸሎትሽ ይኼ ብቻ ነው?» አላት።

«ሌላውን እሱ ያውቀዋል።»

«የምትለምኚው የለም?»

እጇን በጨርቅ እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች። «ልጃችን ስትታመም እንዲህ እል ነበር። እናቴ ስትሞት እንዲህ እል ነበር። አንተ ስትወድቅም። የሆነው ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። ትቶኝ ሄዶም አያውቅም። ካልሄደ ይበቃኛል።» ከዚያ መሀረቧን አስተካክላ፣ «ሕፃናቱም እኮ እንደዚህ ናቸው» አለች፤ «ሲወድቁ ለምን እንደወደቁ ልንገራችሁ ብትላቸው ጭራሽ ይብስባቸዋል።»

ጋሽ ለበጎ ተነሥቶ የታጠቡትን ሳህኖች በግራ እጁ መደርደር ጀመረ። በዚያ ቤት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ በግራ እጁ መቀስ አነሳ። መቀስ ግን ወገን አለው። ለቀኝ እጅ የተሠራ መቀስ በግራ ሲይዙት ስለቶቹ ይራራቃሉ፤ ፀጉሩን አይቆርጠውም፣ ያኝከዋል። የቤቱን መጥረጊያ ወንበር ላይ አስደግፎ ሊከረክመው ቢሞክር፣ መጥረጊያው ፍየል የበላችው ቁጥቋጦ መሰለ። ሚስቱ ስትገባ አየችው።

«ምን በደለህ?»

ምላጭ ግን ወገን የለውም። በቀኝም በግራም ያው ስለት ነው። ጋሽ ለበጎ ይህን ሲያስብ ልቡ ዘለለ። ሚስቱን ከማቆያው ፊኛ እንድታመጣለት ለመናት። ፊኛውን ነፋ፣ በሳሙና አረፋ ቀባው፣ ጉልበቱ መሐል አጣበቀው፣ በግራ እጁ ምላጩን አስጠጋ። ፊኛው ፈነዳ። አረፋው መጋረጃው ላይ፣ መስቀሉ ላይ፣ የሚስቱ መነጽር ላይ አረፈ። ሚስቱ መነጽሯን እየጠረገች፣ «ይኼ ሰው ነበር» አለች።

ሌላ ነፋ። ፈነዳ። በነጋ በጠባ ሲፈነዳ ጎረቤት ቤቱ ውስጥ ሠርግ ያለ መስሎት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ክንዱ ይደክማል፤ መጣል ያምረዋል። ሲያምረው ምላጩን አስቀምጦ፣ እያፈረም ቢሆን፣ የሚስቱን ጸሎት ይዋሳል። «ጌታዬ፣ እዚህ ነኝ።» መልስ አይመጣም። ሌላ ፊኛ ይነፋል። ቀስ በቀስ ፊኛዎቹ ዕድሜ ማግኘት ጀመሩ። ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀይ ፊኛ ከላይ እስከ ታች ተላጭቶ፣ አንጸባርቆ፣ በሕይወት ተረፈ። ሚስቱ ጠዋት ወደ ሥራዋ ይዛው ሄደች፤ ሕፃናቱ ተጫወቱበት።

ፊኛ ግን ጉሮሮ የለውም። ጋሽ ለበጎ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ምላጩን ስሎ፣ ከወንበሩ ኋላ ቆመ። ደንበኞቹ ሁሉ ደስ አላቸው። አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ተራ በተራ ወደ ቶንዶስ ወንበር ሄደው ተቀመጡ።

«እስቲ አንተ ና» አለው ጫማ ሰፊውን። «ጢምህ እንደ ሚስማር ቆሟል።»

ጫማ ሰፊው አንገቱን ዳሰሰ። «ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ። በግራ እጅህ ግን ገና አልተጠመቅሁም።»

በዚያው ሰዓት የሰበካው ካህን የሚታተም ነገር ይዘው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያልፉ ብቅ አሉ። ባለፈው እሁድ ስለ መታመን የሰበኩት ስብከት እስካሁን በሰፈሩ ይወራል፤ «ጌታ ከገደል አፋፍ ዝለሉ ቢለን እጁ ከሥር እንዳለ አምነን መዝለል ነው» ብለው ነበር።

«አባ፣ በሰዓቱ መጡ» አለ ጫማ ሰፊው። «እዚህ ገደል ተከፍቷል።»

ካህኑ ምላጩን አዩ፤ በግራ እጅ መያዙን አዩ፤ ጢማቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «እኔማ ጢሜ የክህነት ነው፣ አይነካም» አሉ። ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ፤ ገብተውም ጋሽ ለበጎን ግንባሩ ላይ ባረኩት። «ልጄ፣ ስብከቱ አጭር ነበር፣ ገደሉ ረጅም ነው። አልረሳህም፤ እጸልይልሃለሁ» ብለው ሄዱ። ጢማቸውን ግን መንገዱን እስኪሻገሩ አልለቀቁትም።

ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሩን የሚፈልገው ሰው መጣ፤ የራሱን መቀስ በቆዳ ቦርሳ የያዘ፣ ንጹሕና ጨዋ ሰው። ቶንዶስ ተቀመጥ አለው እንጂ ሌላ አልነገረውም። ሰውየው ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ ጋሽ ለበጎ ባዶ ወንበሩን በጨርቅ ይወለውላል። ወንበሩን ከልክ በላይ ከመወልወሉ የተነሳ ቆዳው ሊሳሳ ደርሶ ነበር።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አናጺው ነበር። መጋዝ አቧራ ለብሷል፤ ጢሙ ሸሚዙ ውስጥ ነው። ማንንም ሰላም ሳይል ገባ፣ የጋሽ ለበጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ ጢሙን ጎትቶ አውጥቶ ደረቱ ላይ ዘረጋው።

«ላጨኝ» አለ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቶንዶስ ማሽኑን አጠፋ። ጫማ ሰፊው መዶሻውን እንደያዘ በሩን ሞልቶ ቆመ።

ጋሽ ለበጎ ጨርቁን አነሳ። «ስማ፣ ያኔ እኔ…»

«አንድ ቃል ብትጨምር እነሳለሁ» አለ አናጺው ወደ መስታወቱ እያየ። «አንድ ቃል።»

ጋሽ ለበጎ አፉን ገጠመ። ቀልድ አይደለም፤ ይህ ሰው ያለ ወሬ ሠርቶ አያውቅም። ወሬው የእጁ ምርኩዝ ነበር። አሁን ቀኝ እጁም ምላሱም ባንድ ቀን ሥራ ፈቱ። ጨርቁን አሰረ። ጢሙን ቶንዶስ በመቀስ አሳጠረለት፤ ዕድሜውን ሙሉ ባልነካው መሣሪያ። ከዚያ ጋሽ ለበጎ አረፋውን መታ፤ ቀባ። ምላጩን በግራ እጁ ያዘ። በማይታዘዘው በቀኝ እጁ ጀርባ የአናጺውን አገጭ ቀና አደረገው። አናጺው ጉሮሮውን ሰጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሽ ለበጎ ያን ጊዜ ያየው የአናጺው ጉሮሮ ላይ የምትመታዋን የደም ሥር ነው። ሚስቱን የቀበረ ሰው የደም ሥር። ስንቱን አጽናናሁ ሲል የኖረ ሰው፣ ሐዘን ቆዳ ለቆዳ ይህን ያህል ቀርቦት አያውቅም። «ለምን» የሚለውን አያውቀውም ነበር፤ የአናጺው ሚስት ለምን እንደሞተች አያውቅም፤ የእሱ እጅ ለምን እንደከዳው አያውቅም። አለማወቁን ለመጀመሪያ ጊዜ አልደበቀውም። በሆዱ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ነን» አለ። «ነኝ» ሊል ነበር፤ «ነን» ሆኖ ወጣ።

ምላጩ ወረደ። ከጉንጭ ወደ አገጭ፣ ጠረግ፣ ከአገጭ ወደ ጉሮሮ። መስታወቱን ላለማየት ተጠነቀቀ፤ መስታወት ውስጥ ግራው ቀኝ ይሆንበትና ያደናግረዋል። ቀደም ሲል ባንድ ትንፋሽ ይጨርሰው የነበረውን አንድ ጉንጭ ሲጨርስ፣ ጋዜጣ የያዘው ሰውዬ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ማስታወቂያው ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አላሳለም። ጫማ ሰፊው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያወራው፣ ዝንቦቹም ግድግዳ ይዘው ቆመው ነበር ይላል።

አገጩ ሥር አንድ ጊዜ ጫር አደረገው። ቀጭን የደም ክር ወጣች። ጋሽ ለበጎ አፉን እንደገጠመ ጥጡን በአልኮል ነክሮ ቁስሉ ላይ ያዘ፤ ደሙ እስኪቆም ድረስ ይዞ ቆየ። አናጺው ዓይኑን ሳይከፍት፣ «ቀጥል» አለ።

ሲጨርስ ፊቱን በሞቀ ፎጣ ጠረገለት። ከዚያ ሁሉ ጢም ሥር የወጣው ፊት ከስቶ፣ ነጥቶ፣ አዲስ ነገር ይመስል ነበር። አናጺው በመስታወቱ ራሱን አየ፤ ጉንጩን በመዳፉ ዳበሰ፤ እንባው ያለ ድምፅ ወረደ። ጋሽ ለበጎም የማይታዘዘውን እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ አጠገቡ ቆመ። ማንም ማንንም አላጽናናም።

ጋዜጣ ያነብ የነበረው ሰውዬ ተነሳ። «ቦታው የተያዘ ይመስለኛል» አለ ቦርሳውን አንግቶ።

«ተይዟል» አለ ቶንዶስ።

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ለበጎ ወንበር ጢም መላጫ ሆነ፤ መቀሱንም ማሽኑንም ቶንዶስ ይዟል፤ ሐኪሟም ስታየው፣ «ይጠብቁ» ከማለት አላለፈችም። እሱም ይጠብቃል። አናጺውን የላጨ ዕለት ማታ ግን ቤቱ ሲገባ ምንም ሳይል ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ሚስቱ እራት እያቀረበች ትክ ብላ አየችው።

«እንዴት ዋልክ?»

«ደህና።»

«ሰው መጣ?»

«አንድ ሰው ላጨሁ።»

«ማንን?»

«አናጺውን።»

ሳህኑን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ምን አለህ?»

«ምንም።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እኔም ምንም።»

ሚስቱ እጇን ዘርግታ ግንባሩን ነካች፤ ትኩሳት እንዳለው ለማየት። አልነበረውም። ዓይኖቹ ግን ቀልተዋል። እጇን ከግንባሩ ሳታነሳ ቆየች፤ ከዚያ አብረው ጸለዩ፤ የዚያ ቤት ጸሎት እንደዚያ አጥሮ አያውቅም፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ አሜን ተባለ።

«ነገስ ማን አለህ?» አለች እየበሉ።

«እግዚአብሔር ያመጣውን።»

«እንግዲያ አንገቱ ወፈር ያለ ሰው ያምጣልህ» አለች ሚስቱ፣ ከሳህኗ ትልቁን ቁራጭ ወደ እሱ እየገፋች።